ለአፍ የሚሆን ሙጫ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ፕላስቲክ የተሰበረበት ሰው ሁሉ ሽብሩ ዘንድ ይመጣል። ከጫት ሻጮቹ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ አለችው፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ፀሐይ ላይ ይቀራል። እዚያች ውስጥ ሆኖ ሰንደል ጫማ፣ የፔርሙዝ ክዳን፣ የቬንቲላተር ክንፍ፣ የከባድ መኪና ዳሽቦርድ፣ የተሳቢ የኋላ መብራት፣ ያገኘውን ሁሉ ይለጥፋል። ድሮ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መንገድ ላይ የሹፌር ረዳት ነበር፤ ወደቡ ውስጥ የተሳቢ ጎን ግራ እግሩ ላይ ወርዶበት ማነከስ ሲጀምር መኪናውን ትቶ ሙጫውን ያዘ። የሠራውን ዕቃ ለባለቤቱ ሲመልስ አፉን በሰፊው ከፍቶ እየሳቀ "ለኔ የማይለጠፍ ነገር የለም" ይላል። ሰው የሚወደው በሥራው ብቻ ሳይሆን በዚያ ሳቁም ጭምር ነበር።

ውዴን ያገኛት በፔርሙዝ ነው። ካርቲየ ሁለት፣ እማማ ኻሊዳ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር፣ ከወልድያ የመጣች ዝምተኛ ሴት ናት። የፔርሙዙን ክዳን ለጥፎ ሰጣት፤ በሳምንቱ "ያፈሳል" ብላ መለሰችው። እንደገና ሠራው፤ እንደገና መጣች። አራተኛው ላይ ፔርሙዙ ጠብ እንደማይል ሁለቱም ያውቁ ነበር። "ስትስቅ ጥርስህ አንድ በአንድ ይቆጠራል" አለችው የዚያን ዕለት፣ ዓይኗን ፔርሙዙ ላይ እንደተከለች። ሽብሩ አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እስኪመሽ ድረስ ጣቱን ከጣቱ ጋር ሁለት ጊዜ አጣበቀ።

ይኼ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎ ነገሩ ሽማግሌ መላክ ላይ ደርሷል። ውዴ እዚህ አገር ዘመድ የላትም፤ እናትም አባትም ሆነው የሚሰጧት እማማ ኻሊዳ ናቸው። እማማ ኻሊዳ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ የየመን ዘር፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት፣ አማርኛቸው ከሽብሩ አማርኛ የሚያምር ሴት ናቸው። በሰፈሩ የተጣላ ሲታረቅ፣ ልጅ ሲዳር፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ለውዴም ቁርጡን ነግረዋታል፦ "ቤቴ ያደረች ልጄ ናት። የሚፈልግሽ ሰው በበሬ ይግባ። ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹን ይላክ፤ ራሱም አብሮ ይምጣ። ፊቱን ሳላይ ልጅ አልሰጥም።"

ዓርብ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሙቀቱን ሸሽተው ሐረር ወደሚኖረው ልጃቸው ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት ከረመዳን በኋላ ነው። የሟቹ ባላቸው እህት ወይዘሮ ሱሪያ ደግሞ "እስከዚያ ውዴ ባዶ ቤት ምን ትሠራለች? ጅዳ ልጄ ዘንድ ልላካትና ትሥራላት" ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ለጋብቻ ቃል የተሰጠባትን ሴት ግን ማንም ወዴትም አይልካትም። ስለዚህ ዓርብ ዕለት ቃሉ ከእማማ ኻሊዳ አፍ ካልወጣ ሽብሩ ውዴን አጣት ማለት ነው። እሱም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።

እንዲህ እያለ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ውዴ መጣች። ወሩ ሐምሌ ነው፤ አገር ቤት ሁሉም ሰው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል፤ ጅቡቲ ግን ያ የእሳት ነፋስ እየነፈሰ ሱፐር ግሉ ገና ከቱቦው አፍ ሳይወጣ ይደርቃል። ውዴ ኪዮስኩ ውስጥ ገብታ መጋረጃውን ከኋላዋ ሳበችው። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ከደረቷ መሐረብ አውጥታ ጭኗ ላይ ፈታችው።

ሽብሩ ያየውን አይቶ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ። የሰው ጥርስ ነው። የላይኛው ድድ ከነጥርሶቹ፣ መሐል ለመሐል ለሁለት የተከፈለ።

"ይኼ ምንድነው?"

"ሰው ሠራሽ ጥርስ ነዋ።"

"የማን?"

"የማን እንደሆነ እንዳልነግርህ ተብያለሁ።"

"ውዴ፣ እናንተ ቤት የምትኖሩት ሁለት ሰዎች ናችሁ" አላት። "ያንቺን ደግሞ አውቀዋለሁ።"

ይሄኔ እንባዋ መጣ። ስታጥበው ከእጇ አምልጧት ላቫቦው ውስጥ ወድቆ ነው የተሰበረው። እማማ ኻሊዳ አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሻሻቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ጥርሱን ያሠሩት ከብዙ ዓመት በፊት ኤደን ዘመድ ልጠይቅ ብለው ሄደው ነው። ሟቹ ባላቸው እንኳን ሳያውቁ ነው የሞቱት። አሁን የሚያውቀው አንድ ሰው ቢኖር በየጠዋቱ የምታጥበው ውዴ ናት።

"ጥርስ ሠሪ ዘንድ እንዳትወስጂው ብለውኛል" አለች ውዴ። "ጥርስ ሠሪ ካወቀ ከተማው ያውቃል፤ ከተማው ካወቀ ሱሪያ ታውቃለች፤ ከዚያ ወዲያ በየሰርጉ መሣቂያዋ መሆኔ ነው ብለዋል። ያ ፕላስቲክ የሚለጥፍ ሰውዬሽ ይለጥፈው አሉኝ። ዓርብ ካልደረሰ ግን ሰው አላስገባም። እንዲህ ሆኜ ሽማግሌ ፊት አልቀመጥም ብለው ምለዋል።"

"ይደርሳል" አለ ሽብሩ። "ለኔ የማይለጠፍ ነገር የለም።" ይህን ሲል ግን አልሳቀም።

ብቻውን ሲቀር እጁ መጀመሪያ የሄደው ወደ ለመደው ነገር ነው። ሹፌሮች ሁሉ የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ስንጥቁ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስነስ፣ ከላይ ሱፐር ግሉ ጠብ ሲደረግበት ጭስ ብሎ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ስንት ዳሽቦርድ በዚያ አድኗል። ቱቦውን ከፍቶ ሁለቱን ስባሪ አገጣጠመና ቆም አለ። በዓይነ ሕሊናው ዓርብን አየው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ እማማ ኻሊዳ "ሰጥቻለሁ" ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ግማሹ ጥርስ ሐልዋ የሚባለው ጣፋጭ የቀረበበት ሳሕን ላይ ዱብ ሲል ታየው። የሹፌር ሰንደል ቢላቀቅ ሹፌሩ ይሰድበዋል፣ አብረው ይስቃሉ፣ ያልቃል። ይሄ ግን የአንዲት ትልቅ ሴት ክብር ነው። ቱቦውን መልሶ ከደነው።

ሽብሩ ጉረኛ ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። ከሙጫው በፊት የፕላስቲኩን ዘር ማወቅ ያስፈልጋል። ስባሪውን ውሃ ውስጥ ጣለው፤ ሰጠመ። የጀሪካን ወገን አይደለም ማለት ነው፤ ጀሪካን ይንሳፈፋል፣ የሚንሳፈፍ ፕላስቲክ ደግሞ በእሳት ካልተበየደ ሙጫ የሚባል ነገር አይዝለትም። ቀጥሎ ማንም ከማያየው ጠርዙ ላይ በሞረድ ጥቂት ፋቅ አድርጎ ብናኙን አሸተተ። ጣፈጥ ያለች፣ የከረመ ፍራፍሬ የምትመስል ሽታ ናት። ይቺን ሽታ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቃታል። ቀዩ የተሳቢ የኋላ መብራት ሲሞረድ የሚሸተው እንዲህ ነው።

"አንተ የኔው ሰው ኖረሃል እንዴ!" አለው ጥርሱን፣ ደስ ብሎት።

የመብራት ስባሪ ሞልቶታል። ከዚያው ስምንት ቁራጭ አውጥቶ ጥንድ ጥንድ እያደረገ አራት ጊዜ ለጠፈ። አንዱን በሱፐር ግሉ፣ አንዱን በባለ ሁለት ቱቦው ኢፖክሲ፣ አንዱን በቧንቧ ሠራተኞቹ ሙጫ። አራተኛውን ራሱ በፈለሰፈው መንገድ ለጠፈ፤ የመብራቱን ብናኝ ሴቶች የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቁበት አሴቶን አሟሙቶ ወፍራም ወጥ ያደርገዋል፣ በዚያ ያጣብቃል። ከደረቁለት በኋላ አራቱንም ትኩስ ሻይ ውስጥ ዘፈዘፋቸው። እማማ ኻሊዳ ሻይ የሚጠጡት እንደ እሳት እየተቃጠለ እንደሆነ ከውዴ ሰምቷል። ሻዩን በየሰዓቱ እየቀየረ ዋለ፤ ጎረቤቱ ያለው ሻይ ሻጭ ዛሬ ሽብሩን ምን ነካው እስኪል ድረስ።

ረቡዕ ጠዋት ተራ በተራ በእጁ ሰበራቸው። የቧንቧው ሙጫ እንደ ፖም ልጣጭ ተነሣ። ሱፐር ግሉ ነጭ ሆኖ ቀጭ አለ። ኢፖክሲው ሲቀዘቅዝ ጎበዝ ነበር፤ ትኩስ ሻይ ሲነካው ግን እንደ ቆዳ ለሰለሰ። የአሴቶኑ ወጥ እምቢ አለ። ሽብሩ በሁለት እጁ ቢታገለው፣ በጉልበቱ ቢደግፈው አልተሰበረም። ሊፎክር አፉን ሲከፍት የተዘፈዘፈበትን ሻይ አሸተተ፤ የጥፍር ቀለም ነው የሚሸተው። በምላሱ ጫፍ ቀመሰው፤ አቃጠለው።

ተሳቢ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ተሳቢ ሻይ አይጠጣም። ይሄ ግን ቀንና ሌሊት ሰው አፍ ውስጥ የሚውል ነገር ነው፤ ያም ሰው ውዴን አምስት ዓመት እንደ ልጁ የያዘ ሰው ነው። ለዓርብ ብቻ ይበቃል፣ ከዚያ እግዜር ያውቃል የሚል ሐሳብ ብልጭ አለበት፤ ራሱን ታዘበው። ለአፍ የሚሆን ሙጫ እሱ ዘንድ የለም። ያለው ጥርስ ሠሪ ዘንድ ነው። ሽብሩ "አልችለውም" ብሎ ዕቃ መልሶ የማያውቅ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪዮስኩን በጠራራው ዘግቶ ጥርሱን በመሐረብ ቋጥሮ እያነከሰ ሄደ።

ሙጠሊብ የሚባለው ጥርስ ሠሪ ከሐሙዲ መስጊድ ጀርባ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ይሠራል። አማርኛውን ከኢትዮጵያ ሹፌሮች የለቀመ ስለሆነ መልካም ቃልና ስድብ አይለይም። ሽብሩ እንደደረሰ ወደ ጆሮው ተጠግቶ ጥርስ የሚሠራበትን ዱቄትና ፈሳሽ እንዲሸጥለት ለመነው።

"ሽንኩርት ነው እንዴ የምመዝንልህ?" ብሎ ጮኸ ሙጠሊብ። "ጥርሱን አምጣ። የማን ነው?"

ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ወደብ ላይ የትራንዚት ሥራ የሚሠራ፣ ሽብሩን በደንብ የሚያውቅ፣ ያየውን ሳይናገር የማያድር ሰውዬ ነው። ሦስቱም ቀና አሉ። የእናቴ ነው እንዳይል እናቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰውዬው ለቅሶ ደርሶታል። የሰው ነው ቢል የማን ነው ይባላል፤ እሱ የማን ደጅ እንደሚመላለስ ደግሞ ካርቲየ ሰባት በሙሉ ያውቃል።

"የኔ ነው" አለ። ወዲያው ከንፈሮቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ጥርሱን ሸፈነ፣ እጁንም በአፉ ላይ ጫነ።

ሙጠሊብ ሁለቱን ስባሪ አገጣጥሞ ወደ ብርሃን አነሣ። ጠባብ፣ የትንሽ ሴት ድድ ነው። ከዚያ የሽብሩን ሰፊ አገጭ አየ። እንደገና ጥርሱን አየ።

"ያንተ" አለ ሙጠሊብ ዝግ ብሎ። "እሺ። ያንተ ነው ካልክ ያንተ ነው። ግባ።"

የጓዳውን በር ዘግቶ ሥራውን ሲጀምር ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ስባሪዎቹን ካገጣጠመ በኋላ በሰም ያዛቸው፤ ሽብሩ የስብራቱ መስመር ፀጉር እንኳን እንዳያዛንፍ በአውራ ጣቶቹ ደግፎ ቆመ። ከሥሩ ጀሶ ፈሰሰበት። ጀሶው ሲደርቅ ሙጠሊብ የተሰነጠቀውን መስመር ጭራሽ አሰፋው። ከዚያ ሮዝ ዱቄት ነሰነሰበት፣ ጠብታ ፈሳሽ ለቀቀበት፤ ያቺ የመብራቱ ሽታ ቤቱን ሞላችው።

"የራሱ ዘር ነው" አለ ሙጠሊብ። "ፕላስቲኩን በገዛ ዘሩ ነው የምሞላው። ሲደርቅ ሙጫ የሚባል ነገር የለም፣ አንድ አካል ነው። ቤትህ ወስደህ ውሃ ውስጥ አሳድረው፤ የቀረ ሽታ ካለው ይተፋዋል። ከዚያ... ባለቤቱ ያጥልቀው።" ባለቤቱ ሲል ፊቱን አላዞረም። ሽብሩ እጁን ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሐሙስ ጠዋት ጥርሱን ለውዴ ሰጣት። መስመሩን በጣቷ ፈልጋ አጣችው። "በምን ለጠፍከው?" አለችው። "በሚሆነው ነገር" አላት። ጉንጩን በመዳፏ ነክታ ሮጠች።

እኩለ ቀን ላይ ጫት ሲደርስ ወሬውም አብሮ ደርሶ ነበር። ሃያ ዓመት በአንድ መንገድ አብሮት የተመላለሰው ሹፌር ጌቾ ኪዮስኩ ደጃፍ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ጌቾ ነገ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነው።

"ሽብሬ፣ እኔ ወንድምህ አይደለሁም? ያን ሁሉ ዘመን ስትስቅብን ያሳየኸን ጥርስ የተገዛ ነው?"

ሽብሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ወዲያው ዘጋው። ጌቾን ይወደዋል፤ ነገር ግን ለጌቾ የተነገረ ነገር ከምሽቱ በፊት አዋሽ ይደርሳል። እጁን በአፉ ላይ አድርጎ "ምን ላድርግ፣ ወንድሜ" አለ። ጌቾ አዘነ፤ እውነተኛ ሐዘን ነው ያዘነው። ለሽብሩ የያዘለትን ጫት ተመለከተና ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ወቅጠው እንደሚቅሙ ትዝ አለው። ሄዶ ሲመለስ ትንሽ የናስ ሙቀጫ ከነዘነዘናዋ ይዞለት መጣ። ሽብሩ በዚያ ጠራራ፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሱን በአፉ ይዞ፣ ሰው እያየው ጫቱን ወቀጠ።

ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስቱም እማማ ኻሊዳ ቤት ገቡ። ጌቾ አለ፤ በትራንዚት ቢሮ ጸሐፊነት ያረጁት ጋሽ ሙላው አሉ፤ ሽብሩ በሩ አጠገብ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እማማ ኻሊዳ ፊት ለፊት ትራስ ተደግፈው ኮራ ብለዋል፤ ጥርሳቸው በቦታው ነው። ሽብሩ ጭንቁን ረስቶ ለአፍታ በሥራው ተደሰተ። ወይዘሮ ሱሪያም ከጎናቸው አሉ። ውዴ ሻዩን በትሪ ይዛ ገብታ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች።

ጋሽ ሙላው ተነሥተው እጅ ነሡና "እማማ፣ ልጃችንን ልጅዎ ያድርጉልን፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን ብለን ነው የመጣነው" አሉ። የሽብሩን ሠራተኛነት፣ ጨዋነት፣ ሰው ወዳድነት ተናገሩ። እማማ ኻሊዳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ሊመልሱ ሲሉ ወይዘሮ ሱሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንድ ነገር ልበል። ይኼ ሰውዬ ጥርስ የለውም አሉ። ረቡዕ ዕለት ሙጠሊብ ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ለሁለት ተሰብሮ ሲያሠራ ያየው ሰው ነው የነገረኝ። በአርባ ዓመቱ ጥርሱን የጨረሰ ሰው ነገ ምን ሊቀረው ነው? ልጅቷ ጅዳ ሄዳ ራሷን ብትችል አይሻላትም?"

ጋሽ ሙላው መሬት መሬት አዩ፤ ወሬውን እሳቸውም ሰምተዋል። ሽብሩ ግን የሚያየው እማማ ኻሊዳን ነው። ወደ አፋቸው የሄደው የሻይ ብርጭቆ መንገድ ላይ ቆመ። ረቡዕ። ሙጠሊብ። የላይኛው፣ ለሁለት። ዓይናቸው ከወይዘሮ ሱሪያ ወደ ሽብሩ መጣ፤ ነጻ እጃቸው ሻሻቸውን ጨበጠ። ውዴ ትሪውን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ነገሩን ለማፍረስ አንድ ሳቅ ይበቃው ነበር። አፉን ከፍቶ ቢስቅ፣ አንዱን ጥርስ በጣቱ ይዞ ቢያነቃንቀው ወሬው እዚያው ይሞታል። ነገር ግን ወይዘሮ ሱሪያ ሞኝ አይደሉም፤ "ታዲያ የተሰበረው የማን ነበር?" ይላሉ፤ ዓይናቸውም ሩቅ አይሄድም። ሽብሩ ውዴን አየ። ቀስ ብሎ እጁን በአፉ ላይ አደረገ።

"እውነት ነው፣ እማማ" አለ። "ተሰብሮብኝ ነበር። አሠርቼዋለሁ።"

"እና እንዲህ ሆነህ የሰው ልጅ ለመጠየቅ አላፈርክም?" አሉ ወይዘሮ ሱሪያ።

"አፍሬያለሁ" አለ ሽብሩ። "ውዴን ማጣት ግን ይብስብኛል ብዬ መጣሁ።"

እማማ ኻሊዳ ብርጭቆውን አስቀመጡ። የጨበጡትን ሻሽ ለቀቁት። ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ዓይናቸው ውሃ ሞላ፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

"ሱሪያ፣ እኔ ለልጄ የምፈልገው ጥርስ አይደለም" አሉ። "የሰው ገመና የሚይዝ ሰው ነው። ገመናውን በሰው ፊት ይኸው ብሎ የተናገረ ሰው፣ የሚስቱን ገመና አይጥልም። ጅዳ የሚባለው ነገር ይቅር።" ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ሰጥቻለሁ። ከረመዳን በኋላ ስመለስ ከዚሁ ቤት ትወጣለች።"

ሽብሩ ያቺን "ሰጥቻለሁ" የሰማት በሁለት ጆሮ ነው፤ በአንዱ እንደ ሙሽራ፣ በሌላው እንደ ባለሙያ። ምንም አላፏጨችም፣ ምንም አልተነቃነቀችም። ጌቾ ቤቱ እስኪናጋ አጨበጨበ። ውዴ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሐልዋ ቀረበ፤ ወይዘሮ ሱሪያ "ለሱ ለስላሳውን" አሉ፣ ለሱ የቀረበለት እንደ ገንፎ የላመው ነው። ሊወጡ ሲሉ እማማ ኻሊዳ "ና፣ ልመርቅህ" ብለው ጠሩት። ጎንበስ ሲል አንድ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ፤ በሌላው እጃቸው የተጠቀለለች ወረቀት መዳፉ ውስጥ ሸጉጠው ጣቶቹን እጥፍ አደረጉለት። ሽብሩ ወረቀቷን የፈታት ኪዮስኩ ገብቶ መጋረጃውን ከዘጋ በኋላ ነው። የተቆላ ሽምብራ ነው፤ ድንጋይ የሚያህል፣ ጥርስ ያለው ሰው ብቻ የሚችለው። እያንዳንዷን እያንቋቋ፣ እያለቀሰም እየሳቀም ጨረሳት።

ተጋቡ፤ ዋራበሌ በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራዩ። እማማ ኻሊዳ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረው፣ በየሰርጉ እየፈረዱና እየመረቁ፣ ሙሉ አፍ ይዘው አረፉ። ሲሞቱማ ሽብሩ እውነቱን ሊናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። የሞተ ሰው ምስጢር በማን ፈቃድ አወጣለሁ ይላል ለውዴ፤ ደግሞም ለምዶታል። ሹፌሮቹ እስካሁን ዳቦ ሲቆርሱ ጠርዙን ለራሳቸው አድርገው ለስላሳውን ለሱ ይሰጡታል። እሱም እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ያመሰግናል። "ለኔ የማይለጠፍ ነገር የለም" ማለቱንም ትቷል፤ ዕቃ ሲመጣለት "እስቲ መጀመሪያ ዘሩን ልየው" ነው የሚለው። ያ ሳቁ ከካርቲየ ሰባት ከጠፋ ስንት ዓመቱ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ናፍቆታል።

ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ውዴ በሩን ትዘጋለች። በጌቾ ሙቀጫ ነጭ ሽንኩርት ከወቀጠች በኋላ ሽምብራ ትቆላለታለች። አንድ ነገር ብላ ታስቀዋለች፤ እሱም አፉን በሰፊው ከፍቶ ይስቃል። ያኔ ውዴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ እንደዚያ እንደ ፔርሙዙ ቀን፣ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ሠላሳ ሁለት ናቸው፤ አንድም አልጎደለም።